ምልክት ያልተመታበት ኢንተርኩለር

ሰልዋ ከሰማያዊዋ መኪና ስትወርድ ሀይረዲን መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነው። ለቃሊቲ ጭቃና ለጋራዥ ዘይት የማይሆን አዲስ ነጭ ጫማ። ቀጥሎ ያየው በሩን የከፈተላትን እጅ ነው፤ ወፍራም ሰዓት ያሰረ፣ ግራሶ ነክቶት የማያውቅ፣ ጥፍሩ እንደ ሕፃን ጥፍር የጸዳ እጅ። ሦስተኛውን ባያይ ይሻለው ነበር። ሰልዋ ለዚያ እጅ ባለቤት ፈገግ አለችለት።

"መጣችልህ፤" አለ ጎረቤቱ ኩምሳ፣ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። "ይሄ የሚንዶቀዶቀው የመኪናው ሞተር ነው ወይስ ያንተ ልብ?"

"ዝም በል አቦ!"

ሀይረዲን የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። ከቃሊቲ ማሰልጠኛ ጀርባ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው በሚያድሩበት መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ከለላ ሥር ራዲያተር ይሠራል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አላሻገረውም። ቢሆንም የጋለ ነገር እንዴት እንደሚበርድ የሱን ያህል የሚያውቅ ከሳሪስ እስከ ገላን ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የሚሉት ሾፌሮቹ ናቸው። ሐጂ ሸረፋ ግን አይሉም።

ሐጂ ሸረፋ የሰልዋ አባት ናቸው። ዋናው መንገድ ላይ ባለ ሁለት በር የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ሰልዋም እዚያው ትሠራለች። ባለፈው መስከረም ሀይረዲን ሦስት ሽማግሌ ልኮባቸው ነበር። ሐጂ ሽማግሌዎቹን ቤት አላስገቧቸውም። ሱቁ ደጃፍ በላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው አንዳንድ ለስላሳ ከፈቱላቸውና፣ "ልጁ ትጉ ነው፣ አልክድም፤" አሉ። "ግን የነሐስ ራዲያተር የሚደፍን ሰው ነው። የነሐስ ዘመን አልፏል። የዛሬን መኪና የማያውቅ ሰው ነገ ልጄን በምን ያኖራታል?" ሽማግሌዎቹ ለስላሳቸውን ጨልጠው ተመለሱ። ሀይረዲን ከዚያ ቀን ብዙውን ነገር ለመርሳት ሞክሯል። ለስላሳው እንኳ ሳይቀዘቅዝ ለብ ብሎ መቅረቡን ግን ሊረሳው አልቻለም።

"ሰላም ነህ ሀይሩ?" አለች ሰልዋ።

"ሰላም።"

ባለ ሰዓቱ ነቢል ይባላል። አባቱ ከዱባይ ዕቃ በኮንቴይነር የሚያስገቡ፣ የሐጂ ሸረፋም የድሮ ደንበኛ ናቸው። ነቢል ሀይረዲንን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ የቆርቆሮውን ከለላ፣ ከዚያ ቡኒ ውሃ የሞላውን በርሜል።

"ፕሮፌሰር የምትዪው ይሄ ነው?" አላት።

"ፕሮፌሰር አላልኩም። ያውቃል ነው ያልኩህ።"

"እሺ፣ የሚያውቅ።" እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ሀይረዲን የራሱን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠው። ነቢል እጁን እንደለቀቀ ከኪሱ እርጥብ ሶፍት አወጣና አንድ በአንድ ጣቶቹን ጠረገ። ይህን ያደረገው ለመናቅ አስቦ አልነበረም፤ እንዲያውም እያወራ ነበር። ሀይረዲንን ያቃጠለውም ይኸው ነው፤ አስቦ የሚንቅ ሰው ቢያንስ አስቦሃል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የነቢል መኪና ተርቦ አላት። ተርቦው ለሞተሩ አየር ጨምቆ ይሰጣል፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል፤ የጋለ አየር ጉልበት ይነሳል። ሞተሩ ያንን አየር ከመዋጡ በፊት የሚያበርደው ኢንተርኩለር ነው። ከፋብሪካ የመጣው አነስ ያለ ነው፤ ነቢል በተሻለ ሊለውጠው በሐጂ ሱቅ በኩል ሦስት ዓይነት አስመጥቷል። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ብቻ ነበር የቀረው።

ሦስቱ ካርቶኖች ከመኪናዋ ኋላ ወረዱ። ትልቁ ካርቶን ላይ በሰልዋ የእጅ ጽሕፈት፣ በዚያ ሀይረዲን በሺህ ጽሕፈት መካከል በሚለየው ጽሕፈት፣ "ለነቢል" ተብሎ ተጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰልዋና ሀይረዲን ለሁለት ዓመት ሲጻጻፉ የኖሩት በካርቶን ነው። ስልኳን እናቷ ሐጀራም አባቷም ያዩታል፤ ካርቶን ግን ማን ያያል? ጎማ ቱቦም ማጣበቂያም በላከች ቁጥር፣ የካርቶኑን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ገልጦ ሁለት መስመር፣ አንዳንዴም አራት፣ ያነባል። ዕቃው ሳይወጣ ክዳኑን የሚገልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ሐሙስ ግን ውጪውን ብቻ አነበበ። "ለነቢል።" ካርቶኑን በታች በኩል ቀደደና ዕቃውን መንጭቆ አውጥቶ ባዶውን ወደ ጥግ ወረወረው። የሰልዋ ዓይን ካርቶኑን ተከትሎ ጥጉ ድረስ ሄደ። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነቢልን አየችና ተወችው።

ሀይረዲን ነቢልን ማየቷን ብቻ ቆጠረባት።

"ፈጠን በል እንጂ፤" አለ ነቢል። "ለእሁድ መድረስ አለበት። እሁድ ሐጂን ይዤ አዳማ ነኝ።"

"እኔም አለሁ፤" አለች ሰልዋ፣ ወደ ሀይረዲን ትኩር ብላ። "አባዬም እኔም። ስለዚህ ደህና አድርገህ እየው፣ እሺ? ከከባድ መኪና ኋላ ሲንፏቀቅም እንዳይግል። የኛ አገር አየር ስስ ስለሆነ ተርቦው አብዝቶ ይደክማል ብለኸኝ አልነበር?"

ብሏታል። ራሱ ነው ያስተማራት፣ አምና፣ በካርቶን ላይ። አሁን ትምህርቱን ወስዳ ለሌላ ሰው መኪና ስትሳሳ ሰማ። ጫማውን የገዛላት እሱ ይሆን? አዳማ ያለችው አክስቷ ዘንድ ይዟት የሚሄደው እንደ ምን ሆኖ ነው? እንደ ደንበኛ? ወይስ እንደ አማች?

ሥራውን እጁ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ ሳለ እጁ ሠራ። የሁለቱን ወገን አፍ በጎማ ደፈነ፣ ከኮምፕሬሰር አየር ሰጠ፣ በርሜል ውስጥ ነከረ። ትንሹ ቀላል ነው፣ ክንፎቹ በጣት የሚጣመሙ፤ የመንገድ ጠጠር አይችልም። መካከለኛው ጌጥ የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ መልኩ ፈዛዛ ነው። ግን አየሩ የሚገባበት መታጠፊያ ለስላሳ፣ ስፌቱ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ። ውሃ ውስጥ አረፋ ሳያወጣ ዝም አለ። ሀይረዲን ባየው ቅጽበት አወቀው፤ መልሱ እሱ ነበር።

ትልቁ ያብለጨልጫል። እንደ መስኮት ሰፊ ነው። ነቢል ፎቶ እያነሳው ነበር።

"ይሄ ነው! መኪናዋ ፊት ላይ ሲታይ አስበው።"

ሀይረዲን ነከረው። ውሃው ረጋ። ከዚያ ከግራው ማዕዘን፣ ከብየዳው ሥር፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረፋ ወጣች። ቆይታ ሌላ። አፍሳሽ ነው። ዛሬ ስንዴ የምታህል፣ ተርቦው ሲጫነው ግን ስፌቱን የምትቀድ። እንዲያ ያለው ስፌት ከለቀቀ መኪና ጉልበቷ ባንዴ ይከዳታል፤ ረጅም ተሳቢ እየቀደሙ ሳለ ጉልበት ቢከዳ ምን እንደሚከተል በዚያ መንገድ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰልዋ ወደ በርሜሉ ቀረበች።

ሀይረዲን መዳፉን ማዕዘኑ ላይ አሳረፈ። አረፋዋ መዳፉ ውስጥ ኮረኮረችው።

"ትልቁን፤" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?" አለች ሰልዋ።

"ባለቤቱ ወዶታል። ምን ቀረ?"

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሀይረዲን ውሃ አይቶት ደህና በሆነ ዕቃ ጫፍ ላይ በብረት ማኅተም "ሀ" ብሎ ይመታል። ያንን ያየ ሾፌር "ውሃ አይቶታል" ብሎ አይከራከርም። ማኅተሙን አነሳ። መዶሻውንም አነሳ። እጁ ግን እምቢ አለው። ምላስ ዋሽቶ ያድራል፤ እጅ ግን እንጀራው ነው። ሁለቱንም መልሶ አስቀመጠና ዕቃውን በጆንያ ጠቅልሎ ለነቢል ሰጠው።

ሰልዋ ጆንያውን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው። ያ አስተያየት ከሄደች በኋላም ከለላው ሥር ቆሞ ቀረ።

*

"በርሜሉ ውስጥ እጅህ ምን ይሠራ ነበር?" አለ ኩምሳ።

"ምን አገባህ?"

"ሃያ ዓመት ስበይድ ስፌት በእጁ የሚሸፍን ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንተ ግን ከነሱ አልነበርክም።"

"ጣቱን ሲጠርግ አላየኸውም? እንደ ነካኝ?"

"አይቻለሁ። የጠረገው እሱ ነው። መኪናው ውስጥ የምትቀመጠው ማን ናት?"

"ሄዳ ትቀመጥ! ወድዳ አይደል የምትቀመጠው!" ሀይረዲን ጮኸ፤ ጩኸቱ ለራሱም አስጠላው።

የጭነት መኪና ራዲያተር እየጠበቀው ነበር። ለጉልበቱ የሚያነጥፈው ፈልጎ ከጥጉ ባዶውን ካርቶን ሳበ። መሬት ላይ ሲዘረጋው ክዳኑ ተገለጠ። ጽሑፉ ሁለት መስመር አልነበረም። አራትም አልነበረም። ክዳኑን ሞልቶ ወደ ጎን ወርዷል።

"ሀይሩ፣ ከሱ መኪና ስወርድ ስታይ እንደምትናደድ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ወዳንተ ያመጣሁት። አባዬ 'የዛሬን ዕቃ አያውቅም' ሲል፣ 'ቢያውቅስ?' አልኩት። 'እንግዲያው የነቢልን ይምረጥለት፤ እሁድ ራሴ ተቀምጬ አዳማ ደርሼ አየዋለሁ። ካወቀ ሽማግሌዎቹ ይመለሱ' አለኝ። ነቢል ጠይቆኛል፤ መልሱን እሁድ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። መልሴን አንተ ታውቀዋለህ። ደህናውን ብቻ ምረጥ። ሌላ ምንም አልለምንህም።"

ሁለቴ አነበበው። ሦስተኛውን ፊደሎቹ እምቢ አሉት። ዓይኑ ውስጥ ገብተው ዋኙበት። ጠላቱን የወጋ መስሎት ነበር፤ ለካ የራሱን ሠርግ ነው በመዳፉ አፍኖ የያዘው።

*

መካከለኛውን ኢንተርኩለር ትከሻው ላይ አድርጎ በቆሙት ከባድ መኪኖች መካከል ሮጠ። ማኅተሙና መዶሻው ኪሱ ውስጥ ይጋጫሉ። ሾፌሮች "ሀይሩ፣ እሳት ተነሳ እንዴ?" እያሉ ጮኹበት። ሳይቆም አለፋቸው። ተነስቷል ቢል ውሸት አይሆንም ነበር።

የሐጂ ሱቅ ጎን ባለው ግቢ ሰማያዊዋ መኪና የፊት ባምፐሯ ወልቆ ቆማለች። ትልቁ ኢንተርኩለር ግን አልተገጠመም፤ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ሐጂ ሸረፋ በላስቲክ ወንበር የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ነቢል ቁልፉን እያሽከረከረ ይንጎራደዳል። ሰልዋ በሩ ላይ ናት።

"ይኸው መጣ!" አለ ነቢል። "ንገራት እስቲ። ምልክት የለውም ብላ አላስገጥምም አለችኝ።"

"ረስቶት ነው ትላለች ይቺ ልጅ፤" አሉ ሐጂ ቀና ሳይሉ። "ወላሂ ብላ ማለችልህ። ረስተህ ነው?"

አዎ ቢል ያልቅ ነበር። አንድ ቃል። ዕቃውን "እንደገና ልየው" ብሎ ወስዶ፣ መካከለኛውን ሰጥቶ፣ እሁድ ሐጂ አዳማ ደርሰው፣ ሽማግሌ ተመልሶ። ሰልዋም ዓይኗ ያንኑ ለመነው፤ በል፣ በልልኝ።

"አልረሳሁም ሐጂ፤" አለ።

ሙስበሃው ቆመ።

"ውሃ ውስጥ አይቼዋለሁ። ግራ ማዕዘኑ ላይ ያፈሳል። በእጄ ሸፈንኩት።"

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

ነቢል ሳቀ። "በመኪናዬ?"

"በመኪናህ አይደለም።"

የነቢል ሳቅ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ሰልዋን አየ። ሰልዋ ማንንም አላየችም።

"እኔ፣" አሉ ሐጂ በቀስታ፣ "አላዋቂ ነበር ያልኩህ። ውሸታም አላልኩህም ነበር።"

"አዎን። አላዋቂ ብሆን ይሻለኝ ነበር ሐጂ። አላዋቂ አይደለሁም።" መካከለኛውን ከትከሻው አውርዶ መሬት አኖረ። "ቢፈቅዱልኝ ላሳይዎት። የሳሙና አረፋ ይምጣ።"

መጣ። ከጎማ መንፊያው አየር ሰጥቶ ማዕዘኑን ሳሙና ቀባው። አረፋው እንደ ዓይን አበጠ፤ ፈነዳ፤ ዳግም አበጠ። ሐጂ ከወንበራቸው ተነስተው ጎንበስ ብለው አዩ።

"ባያፈስም ለዚህ መኪና አይሆንም፤" አለ ሀይረዲን። "ራዲያተሩን ፊት ለፊት ጋርዶ ነፋስ ይነሳዋል። ከእኛ ሰፈር እስከ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከተሳቢ ኋላ መንፏቀቅ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ይህ ሁሉ ብረት ሙቀት ይዞ ይቀራል። ስፋቱም ሞልቶ እስኪገፋ ሞተሩ ይዘገያል፤ ነዳጅ ረግጠህ ትጠብቃለህ። ትልቅ የሚሆነው ለዓይን ነው። ይሄኛው" መካከለኛውን አነሳ፣ "አያምርም። አየሩን ግን ሳያንገላታ ያሳልፈዋል።"

ያንንም በሳሙና ቀባው። ዝም አለ። ማኅተሙን አውጥቶ በሁሉም ፊት አንዴ መታ። "ሀ።" ድምፁ ግቢውን ዞረ።

ሐጂ ዕቃውን በጣታቸው ዳሰሱ። ምልክቱ ላይ ጣታቸው ትንሽ ቆየ። "ይህን ግጠሙ፤" አሉና ዞረው ወደ ሱቅ ገቡ። ለሀይረዲን ሌላ ቃል አልተረፈለትም።

ሰልዋ ነጩ ጫማዋ ሳሙናውን እስኪረግጥ ቀረበችው።

"ረስቶ ነው ብዬ ማልኩልህ፤" አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። "በአላህ ስም። ባባቴ ፊት። በሐሰት አስማልከኝ።"

"ሰልዋ..."

"እኔ እሁድ እዚያ መኪና ውስጥ ልቀመጥ ነበር።"

ገባች። ሀይረዲን ባዶ ትከሻውን ይዞ ተመለሰ። ዕቃውን ተሸክሞ ሲሮጥ ያልጎበጠው ሰው አሁን ጎበጠ።

*

እሁድ ጠዋት ሰማያዊዋ መኪና በመንገዱ አለፈች። ሐጂ ከፊት፣ ሰልዋ ከኋላ። ነቢል እየነዳ አንድ ነገር ይናገራል። ሰልዋ ወደ ከለላው አልዞረችም። ሀይረዲን ነውሩን ሁሉ ተናዞ ሲያበቃ ቅናቱ የሚተወው መስሎት ነበር። አልተወውም። ምን እያላት ነው? ሳቀች ወይስ ፀሐይ ነው ፊቷ ላይ ያረፈው?

"ሥራ የለህም?" አለ ኩምሳ።

"እሁድ ነው።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?"

ሀይረዲን ጨርቅ አንስቶ ያልቆሸሸውን ማኅተም መጥረግ ጀመረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መኪናዋ ተመልሳ ከለላው ፊት ቆመች። ነቢል ብቻውን ወረደ። ከኋላ ከባድ ካርቶን አውጥቶ በርሜሉ አጠገብ አኖረ።

"ትልቁ ዳገት ላይ እንኳ መኪናዋ አልደከመችም፤" አለ ሳይወድ። "ይሄ የሐጂ ፒካፕ ራዲያተር ነው። ነሐስ ነው። ውሃ ይየው ብለዋል። ስትጨርስ ራስህ ታምጣው አሉ።"

"ሱቅ?"

"ቤት።" ነቢል የመኪናውን በር ያዘ፤ ግን ወዲያው አልገባም። ፊቱ የተኮማተረ ነበር፤ ያ ሁሉ ንጽሕና ከላዩ ተገፎ፣ እንደ ማንኛውም የተከፋ ሰው ሆኖ ነበር። በዚህ ጊዜ ፕሮፌሰር ብሎ አልቀለደበትም። "ካርቶኑን አትቅደደው አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

መኪናዋ ስትሄድ ሀይረዲን ለአፍታ አዘነለት። ለአፍታ ብቻ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ ገለጠ።

"አሁንም ተናድጃለሁ። ለማልኩት መሐላ ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን እጾማለሁ፤ አንተም ትጾማለህ። ለነቢል መልሱን ሰጥቻለሁ። ሀይሩ፣ ሐሙስ ዕለት አንተንም ውሃ አየህ። ታፈሳለህ። ስፌቱን በእጅህ የሸፈንከው አንተ ነህ፤ በሰው ሁሉ ፊት እጅህን ያነሳኸውም አንተው ነህ። ስፌትህ የሚበየድ ነው።"

ኩምሳ በጎን በኩል አንገቱን አስረዝሞ ሊያነብ ሞከረ። ሀይረዲን ክዳኑን በመዳፉ ሸፈነበት፣ እንደ ሐሙሱ አድርጎ። በዚያው መዳፍ ውስጥ፣ ያቺ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረፋ እንደገና ኮረኮረችው፤ በዚህ ጊዜ ግን ወደ ላይ፣ እስከ ደረቱ ድረስ ወጣች፣ እሱም አላፈናትም።